ስለዚያ የመጨረሻ ዘፈንህ

ውድ ወንድሜ፣

የላክኸው አዲስ አልበም ደርሶኛል። «ቅዳሜ ከመለቀቁ በፊት መጀመሪያ አንቺ ስሚው፣ እታለም» ብለሃል። ሰማሁት። እንኳን ደስ አለህ ልልህ ወረቀት አወጣሁና እጄ እምቢ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በቅናት ድብን ብያለሁ።

አንተ እኮ አይቸኩል ነበርክ። ስሙን ያወጣልህ አባዬ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ፣ ለደቂቃ የሚሟገት ሰው፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ከየት እንደመጣበት ሲገርመው ኖሯል። ዘፈን የምትሠራው ሶፋ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ፣ እግርህን ግድግዳው ላይ ሰቅለህ፣ ጊታሩን ሆድህ ላይ አስተኝተህ ነበር። ግጥሙ መሐል ላይ ሲያልቅብህ «ላ ላ ላ» ትልና ትገላገለዋለህ። «ቀሪውስ?» ስልህ «ሕዝቡ ይሙላዋ!» ትለኛለህ። ደግሞ ሞላልህ! ታክሲው፣ ሰርግ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ ሁሉ ላ ላ ላ ሲል ከረመ። ያኔ አልቀናሁም። ስንፍናህን ስለማውቅ፣ ሰው ሲያጨበጭብልህ በሆዴ እስቅ ነበር።

የአሁኑ ግን ሌላ ነው። የምሠራበት ስፌት ቤት ይዤው ሄድኩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምናደርስበት ሰሞን ስለሆነ ስድስቱም መኪና ይንጫጫል። አንድ ጊታርና ያንተ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ቀስ ያለ፣ ማን ይሰማዋል ብዬ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ይሄ ያ ላ ላ ላው ነው?» አለች ቆራጯ፣ መቀሷን አስቀምጣ። «ውይ፣ በስሏል!»

«ምን አበሰለው?» አለች ካውያ የያዘችው።

«የአባቱ ሞት ነዋ። አትሰሚም እንዴ?»

የሞተው የእኔም አባት መሆኑ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ አባዬ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ በብርድ ልብሱ ሥር በቀኝ እግሩ ፍሬን ሲረግጥ ትዘፍናለህ። አይተኸው ታውቃለህ? ያየሁት እኔ ነኝ። በስልክ የነገርኩህም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን «አይዞሽ እታለም» ብለህ ቸኩለህ ዘጋኸው። በዕድሜህ የቸኮልከው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ዓመት ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት፣ አንሶላ የቀየርኩለት እኔ ሆኜ፣ አንተ ከሩቅ የሰማኸውን ይዘህ አገር ታስለቅሳለህ። ሐዘኑ የእኔ ነበር። ወሰድክብኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የመጨረሻው ዘፈን ነው። «አልጠራኝም» ትላለህ፤ አባትህ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ቀን ስምህን ሳያነሳ እንደሄደ። አቀናባሪህ እስከ ዛሬ ከሠራኸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል ማለቱን ጽፈህልኛል። ልክ ነው፣ ይበልጣል። ችግሩ ውሸት መሆኑ ነው፤ የዋሸሁህም እኔ ነኝ።

የቀብሩን ዕለት ታስታውሳለህ? አባዬ በሞተ ማግስት ደረስክ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አንተን ከበበ። አክስታችን አንገትህ ላይ ተጠምጥማ «አባቱን ያኮራ ልጅ!» ስትልህ፣ እኔ ትሪ ይዤ በአጠገባችሁ አለፍኩ። ፊቴን ሳታይ ባዶ ብርጭቆዋን ትሪው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ አንተ ወጥ ቤት ድረስ ተከትለኸኝ መጣህና፣ «እታለም፣ ጠርቶኝ ነበር?» አልከኝ። እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር። «አልጠራህም» አልኩህ። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁህም። በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ስትል ሰማሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጠርቶሃል። ሦስት ቀን ሙሉ ካንተ በቀር ማንንም አልጠራም። ደጋግሜ ደወልኩልህ፤ ከከተማ ከተማ እየዞርክ ስትዘፍን ነበር፣ ስልክህ አይሠራም። «አይቸኩል መጣ?» ይለኛል። «እየመጣ ነው» እለዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ፈዞ ማየት ተወ። «መጣ?» ሲለኝ፣ ድምፄን አወፈርኩና «መጥቻለሁ አባዬ» አልኩት። እጄን ያዘው። በመርፌ የተበሳሱትን ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰና፣ «እጅህ ሻክሯል» አለኝ።

«ጊታሩ ነው» አልኩት።

«ጎሽ! እየሠራህ ነው ማለት ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የመጨረሻ ቃሉ ያ ነው፤ ያንተ ነው፣ ውሰደው።

እኔን ግን አልጠራኝም። እጄን ይዞ፣ ጣቴን እየዳበሰ፣ «ያቺ ልጅስ የት ሄደች?» እንኳ አላለም። ስለዚህ ያ ዘፈን ስንኝ በስንኝ እውነት ነው፤ ብቻ የእኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ሳታውቅ ለእኔ ጻፍከው። ይህንንም ከእኔ ቀድመህ አንተ ዘፈንከው፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አሁን ይህን የምነግርህ ለእውነት ብዬ ይሁን ዘፈንህን ላበላሽብህ፣ እኔም አላውቀውም። ምናልባት ሁለቱም ነው። ቅዳሜ ልቀቀው ወይም ተወው፣ አልፈርድብህም። ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልክ ቁጥር የምትጠይቀኝ «አባዬ እንዴት አደረ?» ብለህ ነበር፤ እሱ ከሄደ ወዲህ መደወልም ተውክ። ይህ ሲደርስህ ደውልልኝ። ልትሰድበኝ ከሆነም ስደበኝ፣ ይገባኛል። ከስድቡ በፊት ግን አንዴ፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በለኝ።

እህትህ