ከኋላ የቀረው ተንሳፋፊ

ስኮትላንድ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሽታሁን፤
ሞጣ።

አባቴ ሆይ፣ ከእናቴ ከወይዘሮ ስንቄ ጋር ጾሙ እንደምን ይዟችኋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ፊቴን ቀና አድርጌ ግን ልጽፍልዎ አልቻልኩም፤ ነገሬን ሳልጨርስ እንዳይቆጡኝ እለምንዎታለሁ።

ሥራዬን በስልክ በወጉ አስረድቼዎት አላውቅም። አንድ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ በውስጡም ከግቢያችን የሚሰፋ የውኃ ገንዳ አለ። በአንዱ ጫፍ የቆሙ የብረት ሳንቃዎች ውኃውን እየገፉ ማዕበል ይሠራሉ። ወደፊት ባሕር ላይ ተተክለው ከማዕበሉ መብራት የሚያወጡ መሣሪያዎች፣ አስቀድመው በትንሹ ተመስለው፣ እንስራ የሚያክሉ ተንሳፋፊዎች ሆነው፣ በዚህ ገንዳ በቡድን ይፈተናሉ። ኢንጂነሯ ሞራግ አንዱ ለሌላው ምን ያህል ማዕበል እንደሚያስቀርለት በኮምፒውተር ታሰላለች፤ ስሌቷ ልክ መሆን አለመሆኑ ግን የሚታወቀው በገንዳው ነው። እኔ የጎማ ሱሪ ለብሼ ውኃው ውስጥ እገባና ተንሳፋፊዎቹን እርሷ ባሳየችኝ ቦታ ላይ በገመድ አስራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ከተንሳፋፊዎቹ አንዱ በኋለኛው ረድፍ መካከል ነበር። የፊተኞቹ ማዕበሉን ስለሚወስዱበት፣ ሌሎቹ ሲዘልሉ እርሱ በቀስታ ብቻ ይነቀነቅ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ሰው፣ "ያንን ሰነፍ እየው! ምሳውን አልበላም መሰለኝ" እያለ ይስቅበታል። ሊጎበኙ የመጡ እንግዶችም ሳቁበት።

አባቴ፣ ግዑዝ ነገር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን ስንዴ በደቦ ስናጭድ ትዝ አለኝ። እኔ ኋላ ስቀር "ይታገስን ጅብ ይብላው!" እየተባለ ሲዘፈንብኝ፣ እርስዎ ምንም ሳይናገሩ ከድርሻዬ ገባ ብለው ያጭዱልኝ ነበር፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ከሰው እኩል እንድቆም። በእኛ ዘንድ ደካማውን በሰው ፊት ብቻውን ማስቀረት ነውር ነውና፣ እጄም ያንኑ አደረገ። በማግሥቱ ጠዋት ገመድ ላጠብቅ ስገባ፣ የተንሳፋፊውን መልሕቅ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ጎን፣ የፊተኞቹ ወደማይጋርዱት ክፍተት ሳብ አደረግሁት።

ዘለለ፤ ከሁሉም እኩል ዘለለ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታዬ የበለጠ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ሞራግ አዲሱ ቁጥር ከስሌቷ ጋር እንዳልገጠመ አየች። የቀደመው ልኬት ስሕተት ነው ብላ ጣለችው፤ ስሌቷንም ታፈርስ ጀመር። እህል መቅመስ ተወች። አንድ ቀን ከገንዳው ዳር ተቀምጣ፣ "ይታገስ፣ የሦስት ዓመት ድካሜ ከንቱ ነበር። ሐሙስ ሥራዬን ሊመዝኑ በሚመጡት ገምጋሚዎች ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ" አለችኝ።

"አይዞሽ" አልኳት። አባቴ፣ እያወቅሁ አይዞሽ አልኳት!

ረቡዕ ጠዋት ነገርኳት። ፊቷ ነጣ።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"አፍሬለት ነው።"

"ለማን?"

"ለተንሳፋፊው።"

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "ወደ ቦታው መልሰው" ብቻ አለችኝ። መለስኩት። እንደገና ተለካ፤ ያ ምስኪን፣ ስሌቷ እንዳለው፣ ኋላ ቀረ። ያን ጊዜ አለቀሰች። "ድክመቱን ካላየሁ እኮ ባሕሩ ላይ የት እንደምተክለው አላውቅም" አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ስሌቷን ሳትሸማቀቅ አቀረበች። የእኔን ጉዳይ ግን የአዳራሹ ኃላፊ ነገ ሰኞ ይወስናል፤ ሳያሰናብቱኝ አይቀሩም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ አጎቴ ፋንታ ከቢቸና ደውሎ፣ "እንዴት ነህ ኢንጂነር! ባሕሩን ሁሉ ስታበራ ለእኛ አንድ አምፖል ነፈግኸን?" አለኝ።

"ኢንጂነር ነው ያለህ ማነው?" ብዬ ስጠይቀው፣ "አባትህ ነዋ! ሞጣ ገበያ ይህን ያልሰማ በግ እንኳ የለም" ብሎ ሳቀ።

አባቴ፣ ትምህርቱ አልገባ ብሎኝ ከአራተኛ ክፍል ስወጣ፣ "ለእርሻ ፈልጌው ነው ያስቀረሁት" ብለው ለሰው የተናገሩልኝን አልረሳሁም። ዛሬም ከድርሻዬ ገብተው እያጨዱልኝ እንደሆነ ገባኝ። እለምንዎታለሁ፣ ይተዉልኝ። "ልጅዎ ምን ደረሰ?" ያለዎትን ሁሉ፣ "ውኃ ውስጥ ገብቶ ገመድ ያስራል፤ እርሱንም አበላሽቶ ሊባረር ነው" ይበሉት። ካባረሩኝ የምገባው እርስዎ ቤት ነው። ኢንጂነር ተብዬ ግን በዚያ በር መግባት አይሆንልኝም።

ለእናቴም ለእርስዎም አምላከ ጊዮርጊስ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ነገ ከኃላፊው ፊት ስቆም ምርቃትዎ አይለየኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ይታገስ ሽታሁን፣
ገመድ አሳሪ

እህቴ ሥርጉት፤ ደብዳቤ መጣ ሲባል ቤቱ በጎረቤት እንደሚሞላ አውቃለሁ። አንቺም የአባታችን ልጅ ነሽና፣ ወንድሜ አይፈር ብለሽ መካከሉን ልትዘልዪ ይቃጣሻል። አደራሽን፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።