ገመዱን ያለበስነው ጋቢ

እኔ ካሳነሽ ወልደሐና፣ ኦክላንድ ከተማ ከቴሌግራፍ አቬኑ ወረድ ብሎ ባለው ቤቴ፣ ዛሬ እሑድ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ እየዘነበ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ሐኪሞቹ ያሉኝን ሰምቻለሁ፤ ሊሉኝ የፈሩትንም ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እኔን አስገድዳለሁ ብሎ የሞከረ ባለቤቴ ቡልቻ ብቻ ነበር፤ እሱም ደክሞት ተወው። ጎረቤቴ ሂክማ ትጽፋለች፤ እሷና አቶ አክሊሉ ምስክሮቼ ናቸው። ልጄ ምሥጢር አጠገቤ ተቀምጣለች። ልጄ ሚክያስ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሟል።

በመጀመሪያ፣ ይህ ቤት ለሁለቱም ልጆቼ እኩል ይሁን። አብራችሁ ኑሩበት አላልኩም፤ ስትካፈሉ አትጣሉ ነው ያልኩት።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እኔና አባታችሁ ጭቃ የዋጠውን የሰው መኪና ስናወጣ የኖርንበት ፒክአፕ፣ ከፊቱ ከተገጠመው ገመድ ጠቅላይ መጎተቻ፣ ከዊንቹ ጋር ለምሥጢር ይሁን። ሳምንቱን ሙሉ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ስትሠራ ውላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታ ላይ የቀረውን ሰው ለመጎተት የምትነሣ እሷ ናትና። ሚክያስ፣ «ጀንክ ነው ማም፣ ስክራፕ አድርጊው» ያልከውን ሰምቻለሁ። የሚጣል ዕቃ አይደለም። የምትሸሸው ከምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ከዊንቹ ጋር የሚሄዱት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። ገመዱ ሲታጠፍበት የዊንቹን ጉልበት እጥፍ የሚያደርገው ፑሊ አለ። ይህን ቡልቻ ለጋብቻችን መታሰቢያ ከሳን ሆሴ ገዝቶ፣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ወርቅ ስጠብቅ ብረት ሆኖ ቢገኝ አኮረፍኩት። በኋላ ግን ስንት ሰው ከገደል አፋፍ አወጣንበት፤ የትኛው ወርቅ እንዲህ ያደርጋል? ዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ሰፊ ቀበቶም አለ። ቡልቻ «ዛፍም ቆዳ አለው» እያለ ያለ ቀበቶ ገመድ አያስርም ነበር፤ ምሥጢርም እንዲሁ ታድርግ። ጓንቶቹ ለእጇ ይሰፏታል፤ ቢሆንም ያለ ጓንት ገመድ እንዳትነካ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ አሸዋ የተሞላው ብርቱካናማ የገመድ መሸፈኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በተወጠረ ገመድ ላይ ከእሱ በቀር ሌላ ልብስ አይጋደም። ለምን እንደሆነ ሂክማ አታውቅምና ትስማ፤ እየሰማችም ትጻፍ።

ከስምንት ዓመት በፊት በገና ሰሞን፣ አቶ አክሊሉ ከሳን ሆሴ ባሻገር ካለ የከብት እርባታ የበዓል በግ ሊገዙ ሄደው፣ ሲመለሱ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ደወሉልን፤ ሄድን። እኔ መሪው ላይ ሆኜ ፍሬን ረግጫለሁ። ሚክያስ ወደ ጎን ራቅ ብሎ የዊንቹን ሪሞት ይዟል። ያን ጊዜ ገመዳችን የብረት ነበር። የብረት ገመድ ተወጥሮ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይማታል፤ ስለዚህ ቢበጠስ መሬት እንዲወድቅ ከባድ ነገር ይጋደምበታል። ቡልቻ ለዚህ የሚጠቀመው የገዛ ጋቢውን ነበር። «እናቴ የፈተለችውን ያህል የሚከብድ ከየት ይመጣል?» ይል ነበር።

አቶ አክሊሉ ጭቃው ውስጥ ወድቀው፣ እስከ ወገባቸው ርሰው፣ መንገድ ዳር ይንቀጠቀጣሉ። በጉ እንኳ ከእሳቸው ይሻል ነበር። ቡልቻ አያቸው። እጁን አንሥቶ ሚክያስን «አቁም!» አለው፤ ሚክያስም አቆመ። ገመዱ ግን እንደተወጠረ ነው። መጀመሪያ ማላላት ነበረበት፤ ለሰው ሁሉ የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። እሱ ግን ጋቢውን ከገመዱ ላይ አነሣና፣ «ሰው እየበረደው ብረት ጋቢ አይለብስም» አለ። ሄዶ አለበሳቸው፤ ጫፉንም በትከሻቸው ላይ መለሰላቸው። ወደ እኛ ሊመጣ ሲዞር ገመዱ ተበጠሰ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ይፈልግ ነበር። የኛ ሰው እንግዳ ሲንቀጠቀጥ እያየ ጋቢውን ለብረት መተው አይሆንለትም። ተናድጄበታለሁ፤ ዛሬም እናደድበታለሁ። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ግን አላገባውም ነበር።

አቶ አክሊሉ ጋቢውን አሳጥበው መለሱልኝ። ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይረጥባል፤ ጣራው ግን አያፈስም። ምሥጢር «ማሚ፣ ሂውሚዲቲ ነው» ትላለች። የአየሩ እርጥበት ከሆነ ጎኑ ያለውን የእኔን ካፖርት ለምን አይነካውም? ባትሪው የተፈታው ዊንችም ሲዞር እሰማለሁ። ከዚያ ቡልቻ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ሌሊት አይመጣም፤ በሕይወቱም እንቅልፍ ይወድ ነበር። የሚመጣው በጠራራ ቀን፣ ድስት ጥጄ ሳለሁ ነው፤ እንደበረደው ሰው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል። «ግባ» እለዋለሁ፤ አይገባም። ሠላሳ ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው እፈራዋለሁ። ስለፈራሁትም አለቅሳለሁ።

ስንተኛው ቃል እንደሆነ ሂክማ ትቁጠረው፤ የሚከተለው ግን ለሚክያስ ነው። ልጄ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዡን አልረገጥህም። ዩኒየን ሲቲ ሄደህ ተሸሸግህ። «የሪሞቱን ቁልፍ ደግሜ ተጫንሁት፤ እኔ ነኝ የገደልሁት» ትላለህ። አልተጫንህም ስልህ፣ «ማም፣ አንቺ እንደዛ ማለት አለብሽ፤ ማዘሬ ነሽ» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፤ እናት ልጇን ለማባበል ትዋሻለች። ውሻህ የሞተ ጊዜ እርሻ ቦታ ሄዷል ብዬ ዋሽቼሃለሁ። ተናዛዥ ግን አይዋሽም። ነገ ፈጣሪዬ ፊት የምቆም ሴት ዛሬ ውሸት ይዤ አልሄድም። ስለዚህ ምስክር ባለበት እናገራለሁ። አባትህ «አቁም» ሲልህ ሪሞቱን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ፣ ሁለት እጆችህን አፍህ ላይ አድርገህ በትንፋሽህ ታሞቃቸው ነበር። ገመዱ ሲበጠስም እጆችህ አፍህ ላይ ነበሩ። በመኪናው መስታወት አየሁህ። ያን ቀን ሁላችንንም በርዶን ነበር። ሪሞቱን ለአንተ አውርሼሃለሁ። ብትፈልግ ስበረው፤ የራስህ ነው።

አቶ አክሊሉ፣ ምስክር ወራሽ ባይሆን ይሻላል ስላሉኝ ለእርስዎ ምንም አልተውሁም። በየገናው በግ ይዘው ሲመጡ ዓይኔን ማየት ያቅትዎታል፤ ይብቃዎ። ጋቢው ተሰጥቶዎት ለበሱ እንጂ ከማንም አልነጠቁም። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ ያዩትን በራስዎ አፍ ይናገሩ።

ጋቢው ለማንም አይሰጥም። ስሞት ታጥፎ ሣጥኔ ውስጥ ከጎኔ ይቀመጥ። ለእኔ አይደለም፤ እኔን አይበርደኝም። የበረደው ሰው አለ፤ ይዤለት እሄዳለሁ።

ቃሌ ይኸው ነው። የሰማችሁ ጠብቁት።

የምስክር ቃል፦ እኔ አክሊሉ በየነ፣ በዚያ ቀን ጋቢውን ያለበሰኝን ሰው ትከሻ አሻግሬ ልጁን ፊት ለፊት አይቼዋለሁ። ገመዱ ሲበጠስ እጆቹ አፉ ላይ ነበሩ። ይህን እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት የጠየቀኝ ስላልነበረ፣ ሳልጠየቅ ለመናገርም አፍር ስለነበር ነው። ፊርማ፦ አክሊሉ በየነ።

ጸሐፊና ምስክር፦ እኔ ሂክማ ጀማል፣ ቃሉን እንደተነገረኝ ጽፌ መልሼ አነበብሁላቸው። የአቶ አክሊሉ ቃል ሲነበብ ሚክያስ ከበሩ ላይ ታጣ። ወደ ጋራዡ ሲገባ ምሥጢር አየችው። ጋቢውን በሁለት እጁ ታቅፎ ተመለሰና እናቱ ጉልበት ላይ አኖረው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።

«ማም፣ ደርቋል» አላቸው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ከላይም፣ ከውስጥ እጥፋቱም ዳሰሱት። «ይህም ይጻፍ» አሉኝ፤ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ፈረሙ።

የተናዛዥ ፊርማ፦ ካሳነሽ ወልደሐና
የጸሐፊና ምስክር ፊርማ፦ ሂክማ ጀማል