ፊደሉን የቆረጥኩ ጊዜ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1989

ዛሬም ክፍሉ ግማሹ ባዶ። የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ማን ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል? ከወላጆቻቸው ጋር ከስደተኛ ሰፈራችን ወደ ባሱንዳ እርሻ የወረዱት እስከ ኅዳር አይመለሱም። የቀሩልን ትንንሾቹ ናቸው… ማጨድ የማይችሉ፣ ቤት ቢውሉም የሚያስቸግሩ።

መቀነስ አስተማርኩ። አገዳ ቆራርጠን፣ አሥር አሥሩን በልጥ አስረን። ለካ ያመጣሁት ጥንቅሽ ኖሯል፤ ሱለይማን የራሱን እስር እያኘከ ጨረሰው። "ከአሥር ሦስት ሲቀነስ ስንት ይቀራል?" ብዬ ስጠይቀው "ምንም አልቀረ" አለኝ። መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅኩ።

ንባቡን ጋሼ ባንታምላክ ያዙ። እንደ ሁልጊዜው ከሁላችን ቀድመው ገብተው፣ የፊደል ገበታው አጠገብ ቆመው። ዘንጋቸውን አንስተው "ሀ" ሲሉ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ ዜማው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰማል። እኔንም እዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ዜማ ነው ያስቆጠሩኝ። ሰሌዳ ላይ መጻፉን ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ለእኔ ትተውታል። የጠመኔው ብናኝ ደረቴን ያፍነኛል ይላሉ። የልጆቹንም ደብተር አያዩም፤ "የጻፍከውን አንብብልኝ" ነው የሚሉት። እርጅና ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ባለፈው ወር ገዳሪፍ በወሰድነው ሥልጠና አሠልጣኟ አንድ ነገር ብላን ነበር። "ፊደሉን ከረድፉ አውጥታችሁ ለብቻው አሳዩ፤ ልጁ ማወቅ አለማወቁ የሚለየው ያኔ ነው።" ዛሬ ጋሼ ከወጡ በኋላ ትዝ አለኝና ሞከርኩት። ገበታውን በወረቀት ሸፍኜ "መ"ን ብቻ አስቀረሁ።

ዙህራ፣ ያቺ ጎበዟ፣ ጣቷን እያጠፈች ከ"ሀ" ጀምራ በልቧ መቁጠር ያዘች። ሱለይማን ደግሞ "እትዬ፣ ወረቀቱን አንሺውና ልንገርሽ" አለ።

ስንት ጊዜ የዘመሩት… ዜማ ነው ለካ። ፊደል አይደለም። ይሄን ለጋሼ በምን አፌ ልንገራቸው? በቃ አልነግራቸውም። ሠርቼ አሳያቸዋለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 22

ጁምዓ ነው፣ ትምህርት የለም። ክፍሉን ከፍቼ ገበታውን አወረድኩት።

ጋሼ ወደዚህ ሱዳን ሲሰደዱ ከመተማ ጠቅልለው የተሸከሙት ነው። ሰው ልብስና ዱቄት ሲይዝ እሳቸው ይሄን ያዙ። አሁን እጥፋቱ ላይ ተተርትሯል፣ አንዱን ጫፍ ምስጥ በልቶታል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስበታል። መጀመሪያ ልገለብጠው አስቤ ነበር… ግን በምን ቀለም? ደግሞስ የእኔ ጽሕፈት እንደሱ መች ያምራል?

የእናቴን መቀስ ወሰድኩ። የመጀመሪያዋን "ሀ" ስቆርጥ እጄ ፈራ። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። እያንዳንዷን በሻይ ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ግቢው ፊደል በፊደል ሆነ፤ ዶሮ ስከላከል ዋልኩ።

እናቴ "ጋሽ ባንታምላክን ጠይቀሻል?" አለችኝ። "ደስ ይላቸዋል" አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ምን አደረግኩ…

ቀድሜ ሄጄ በር ላይ ጠበቅኳቸው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ሠርቼልዎታለሁ" ብዬ ካርቶኖቹን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ካርቶን?" አሉ። "ፊደል ነው! አንድ አንድ እያነሱ ያሳዩአቸው፤ ያለ ዜማ።" ቸኩዬ ነው የማወራው። ፊታቸውን እንኳ ልብ አላልኩም።

ልጆቹ ገቡ። ጋሼ አንዱን አነሱ። ዘቅዝቀው። ልጆቹ ሳቁ። ዙህራ "ጋሼ፣ መግሉብ ነው… ተገልብጧል" አለች። "ልፈትናችሁ ብዬ ነው" አሉ፣ አዞሩት። አሁን ደግሞ በጎን። ሌላ አነሱ። እሱም ተዘቅዝቋል። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ልጆች አንዳንዴ ከትልቅ ሰው ቀድመው ይገባቸዋል።

ካርቶኖቹን ወንበር ላይ አስቀመጡ። ዘንጋቸውን አነሱና ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዘንጉ መታ መታ አደረጉ። ጭቃ። ትንሽ ወደ ግራ። ጭቃ። ከዚያ በእጃቸው ዳሰሱት።

"ብፅአት፣ ገበታው የት ሄደ?"

ቅድም እጃቸው ላይ ነበር እኮ። እዚያው ፊታቸው፣ ወንበሩ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

አያዩም። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ሳስተምር አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አልመጡም። ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ይለቅማሉ፣ በጣታቸው። ሰው ቢያይ የሚያዩ ነው የሚመስለው።

"ነይ። ኮቴሽን አውቀዋለሁ" አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አለቀስኩ እንጂ መቼ ጠየቅኩ? እሳቸው ናቸው ያረጋጉኝ። ጠርዝ ጠርዙ ነበር መጀመሪያ የጨለመባቸው። ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። "ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ የአንተ ከውስጥ ነው፣ የሄደው አይመለስም አሉኝ።" ለማንም አልነገሩም።

"ታዲያ እንዴት…" አልኩ።

"ገበታው በእጄ ነው ያለው። የትኛዋ የት እንደተቀመጠች እጄ ያውቃል። በርቀት ስንት ስንዝር፣ በከፍታ ስንት… የእኔን ያህል ዘመን እዚያ ግድግዳ ፊት ብትቆሚ አንቺም ዓይንሽን ጨፍነሽ ትደርሺባት ነበር። ሌላ የምሠራው ሥራ የለኝም፣ ብፅአት። ሚስቴን እዚህ ቀበርኩ። ልጅ አልወለድኩም። ጠዋት ስነሳ የምሄድበት ያ ክፍል ብቻ ነው።"

መልሼ እሰፋዋለሁ አልኳቸው። እንደነበረ አደርገዋለሁ። "እስቲ" አሉ። እንደ ልጅ ጓጉተው። እሱ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የትምህርት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ዓባይነህ መጀመሪያ በእኔ ላይ ወረዱብኝ። የሰፈሩን ቅርስ አጠፋሽ፣ ማን ፈቀደልሽ፣ አንዲት ሥልጠና ወስደሽ… ሁሉንም ዋጥኩት፣ እውነት ነዋ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ደግሞስ ሰውየው ካላየ ምን ብሎ ያስተምራል? ወላጅ ምን ይለናል?" አሉ። ይሄኛውን አልዋጥኩትም። ገበታውን መልሼ እስክሰፋና እንደ ድሮው እስኪያስተምሩበት ጊዜ ስጡኝ አልኩ። እስከ ወሩ አጋማሽ ሰጡኝ። እስከዚያ ካልሆነ ዓይነ ስውር አስተማሪ አናስቀጥልም አሉ።

ካርቶኖቹን ጆንያ ላይ በቅደም ተከተል እየሰፋሁ ነው። ጣቴ በመርፌ ተበሳሳ። ይበለው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ተሰቀለ። ግን ካርቶኑ ቦታ ፈጀ። ድሮ ከነበረው ሰፋ፤ ግድግዳውን ጨርሶ መስኮቱ ጥግ ደረሰ። ጋሼን አምጥቼ አሳየኋቸው… "አሳየኋቸው" እላለሁ ደግሞ። እጃቸውን እየያዝኩ ከፊደል ፊደል ወሰድኳቸው። በስንዝር ለኩት፣ ደጋገሙት፣ ተሳሳቱ፣ ሳቁ። "ቤት ቀይሬ ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩ የጠፋኝ ነው የመሰለኝ" አሉ። ሲመሽ ረድፉን ብዙውን ያገኙት ነበር። ተስፋ አደረግኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት የት አደርገዋለሁ?

ልጆቹ ሲያዩአቸው ደስ አላቸው። "ሀ" ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ ዘንጉ ሁለት ካርቶን መሀል አረፈ። ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እኔን አዩኝ። ደግመው ወደ ጋሼ ዞሩና በቅደም ተከተል የምትመጣዋን ጮኸው ጠሩ።

ማንም አልነገራቸውም። ሱለይማን እንኳ፣ ያ ምላሱን መያዝ የማይችለው! ዘንጉ ሲስት እነሱ ያስተካክሉታል። አልተጣቀሱም፣ አልሳቁም።

ጋሼ እየቆዩ ዝግ አሉ። የሆነ ነገር ሳይሰማቸው አልቀረም። ዘንጉን ቀስ ብለው ወሰዱት፣ ወሰዱት… መስኮቱ ድረስ። መስኮቱ ክፍት ነው። ዘንጉ ነፋስ ላይ ቆመ።

"ይቺስ ማን ናት?"

"ቀ!" አሉ፣ በአንድ ድምፅ።

ጋሼ ዘንጉን እዚያው ነፋሱ ላይ እንደያዙ ጠየቁ።

"ልጆቼ፣ ዘንጌ የት ነው ያለው?"

ዙህራ ማልቀስ ጀመረች።

"ጨዋ ልጆች ናችሁ" አሉ። ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። በሩን ራሳቸው ዳስሰው አገኙት። ሄጄ ልይዛቸው ስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለመንኳቸው። "ሂሳብ ያስተምሩ፤ አገዳ በእጅ ይቆጠራል። ተረት ይንገሯቸው፤ እኔ እጽፈዋለሁ፣ እነሱ ያነቡታል። መጽሐፍ የለን፣ እርስዎ መጽሐፍ ይሆኑናል።" ሌት ተቀን ሳስብበት የቆየሁት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

"ሕፃናት ለእኔ ብለው ዋሹ፣ ብፅአት። ነገም ይዋሹልኛል። ከነገ ወዲያም። እኔ እዚያ በቆምኩ ቁጥር የሚማሩት እሱን ነው።"

"የዋሹት ስለሚወዱዎት ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው የማልመለሰው።"

ሰሊጡን አብሬ ለቀምኩና መጣሁ። ተናደድኩባቸውም። እልኸኛ ሽማግሌ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ጆንያውን ተረተርኩት። ካርቶኖቹን መልሼ ለያየሁ። ከእንግዲህ ማን ይጠቁምበታል?

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዙህራ አነበበች። ዜማ የለ፣ ረድፍ የለ። ካርቶኖቹን ደባልቄ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። አየቻቸው፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ "ከ… በ… ሮ" አለች። ከዚያ ፊቷ በራ። "ከበሮ! እትዬ፣ ከበሮ ይላል!" ሌላ ስጪኝ፣ ሌላ ስጪኝ… ስንት ቃል እንዳነበበች እኔም ጠፋኝ። ሱለይማን ተናዶ እሱም ሦስት አነበበ።

እንዲህ ነበር የፈለግኩት። ይሄው ሆነ። ለምንድነው ታዲያ ደስታው የማይሞላልኝ?

ሲለቀቁ ዙህራ ለጋሼ ልንገር ብላ ሮጠች። ተከተልኳት። "እስቲ ምን አነበብሽ?" አሉ። ነገረቻቸው። ጭንቅላቷን ዳበሱ፣ "ከእኔ ጋር ይሄ ዓመት ይፈጅብሽ ነበር" አሏት። ለእሷ ነው ያሉት። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

እሷ ስትሄድ ነገሩኝ። ተመዝግበዋል። ወደ አገር ለሚመለሱት በሚመጣው መኪና። መተማ አጠገብ፣ ሸኸዲ ከተማ የእህታቸው ልጅ አለ፤ አይተውት አያውቁም።

"እዚያ ምን ይሠራሉ?" አልኩ።

"እቀመጣለሁ" አሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ቀኑ ተነገረ። አቶ ዓባይነህ ለስንብት አንድ በግ ይታረድ አሉ። ጋሼ አይሆንም አሉ። የሞተ ሰው የለም፣ ምን ያሳርዳችኋል አሉ አሉ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሄዱ።

መኪኖቹ ሜዳው ላይ ተደርድረው አደሩ። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ፍየል፣ የሚያለቅስ፣ የሚሳሳቅ። ጋሼ አንዲት ቦርሳ ብቻ። ልጆቹን ሰብስቤ ወስጃቸው ነበር፤ ባልወስዳቸው ይሻል ነበር ይሆን?

መዝጋቢው ሱዳናዊ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ወረቀቱን ዘረጋላቸውና "ያ ሐጅ፣ ተውቂዕ ወላ በስማ?" አለ። ፊርማ ወይስ አሻራ ማለቱ ነው። ከፊታቸው የተሰለፉት ሁሉ ፈርመው ነበር ያለፉት። አብዛኞቹን መፈረም ያስተማሯቸው ጋሼ ናቸው።

"በስማ" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ! ይፈርሙ እንጂ። እጅዎን መስመሩ ላይ አደርግልዎታለሁ" አልኩ በጆሯቸው።

"ልጆቹ እያዩ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያስ አሻራ ይሁን። መስመር የሳተ ጽሕፈት ከእኔ አያዩም።"

መዝጋቢው ቀለሙን ገፋ አደረገው። የት እንዳለ አላወቁም። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እሳቸው የእኔን እጅ እንዲያ ይዘው ነበር እርሳስ ያስጨበጡኝ።

መኪናው ላይ ሰዎች አነሷቸው። ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሌላ በኩል እጃቸውን አወዛወዙ። ዙህራ "በዚህ በኩል ነን፣ ጋሼ!" ብላ ጮኸች። ዞሩ። አቧራው ሸፈናቸው።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ሱለይማን እጄን ያዘ።

"እትዬ፣ ጋሼ መጻፍ አይችሉም እንዴ?"

"ይችላሉ" አልኩት። "እኔን መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

ቀና ብሎ አየኝ።

አላመነኝም።