ከፓራፋንጎው ሥር የተጫረው

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? የአክስቴ ቤት ደረጃ እንደማይስማማሽ ስለማውቅ ሁልጊዜ አስብሻለሁ። ደህና ካልሆንሽ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ደህና ብትሆኚም ተቀመጪ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፉት ሰባት ወራት ግን ይህንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌልሽ ሦስቱንም ጊዜ ዋሽቼሻለሁ።

እማዬ፣ መኪና ገጭቶኝ ነበር።

አትጩኺ። ይኸው በራሴ እጅ እየጻፍኩልሽ ነው፤ ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ዶሮ የጫረው እንደሚመስል አይተሽ እመኚ። ከማተሚያ ቤቱ የታተመ ወረቀት ተቀብዬ ለደንበኛ ላደርስ ቀኜን ይዤ እየሄድኩ ነበር። በሰማያዊዋ ሳይክልሽ ነው። አንቺ ስትሄጂ አባዬ ለእኔ ብሎ ኮርቻዋን አራት ጣት ከፍ አደረጋት፤ ቁመቴን ከእሱ ወስጄ አይደል። ከሳሙና ፋብሪካው አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ጉልበቴም ተጎድቶ ነበር።

አባዬ በማግስቱ ለእናትሽ ንገሪያት ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለታችሁ ከአልጋዬ ግራና ቀኝ ቆማችሁ ሳትነጋገሩ ከማይ ስብራቴን ብችል ይሻለኛል አልኩ። ይቅር በይኝ።

ትራፊክ ፖሊሱ የደረሰው እኔን ሰዎች አንስተው ከወሰዱኝ በኋላ ነው። ሳይክሏን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቃት አንድ ደግ ሰው ተሸክሞ አባዬ የሳይክል ጥገና ሱቅ አድርሷታል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሰፈረው የሹፌሩ ቃል ብቻ ሆነ፦ በቀኝ በኩል ካለው ቅያስ ድንገት ወጥታ ፊቴ ገባች፣ ጎኗን መታኋት። ይህ ከጸና ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ከሆንኩ የመድን ድርጅቱ አያሳክመኝም። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ደግሞ እግሬ እንደተጣመመ እንደሚቀር ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮኛል።

አንዲት ነርስ ለተጎዱ ሰዎች በነፃ የሚከራከር የሕግ ቢሮ መኖሩን ነገረችኝ። ከዚያ የመጣችልኝ ጠበቃ ቦርሳዋ ውስጥ መስታወት ሳይሆን ሜትር ይዛ የምትዞር ሴት ናት፤ እኛ ቤት ስሟ ሜትር ሆኖ ቀርቷል። ኩርባውን እሷው ራሷ መኪና እየሸሸች ለካችው። እዚያው ቦታ የተጎዳሽ አራተኛዋ ደንበኛዬ ነሽ፣ አስፋልቱ ላይ ግን አንዲት የተቀባች መስመር የለችም አለችኝ። ከዚያ ሳይክሏን እንድናሳያት ጠየቀች። ከኋላ ከተመታሽ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም፣ ብረቱ ራሱ ይናገራል አለች።

የአባዬ ፊት እንዴት እንደበራ ብታዪ። ሮጦ ሄዶ አመጣት። ተቃንታለች፣ አዲስ ቀለም ተቀብታለች፣ የኋላ ጎማዋ ተቀይሯል፣ ደወሏን ሳይቀር እያንቃጨለ ነው ያስገባት። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ሲጠግናት ከርሟል! ሜትር የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አባባ፣ ምስክሬን ገደሉብኝ አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሁለት እጆቹን እንደ ሰው ዕቃ ያያቸው ጀመር። ሐኪሞቹ ልጄን እንዳልነካት ከለከሉኝ፣ እጄን ምን ላድርገው? አለ።

እኔ ግን ተናደድኩ፤ አንቺን ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ። ድሮም አንተ ከሰው ይልቅ ብረት ትወዳለህ አልኩት። ቃሉ የአንቺ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ከጓሮ ያለው ክምር ትዝ ይልሻል? አንቺ የብረት መቃብር የምትይው፣ በመጨረሻ የተጣላችሁበት? አባዬ አሮጌ ዕቃ አለመጣሉ ያኔ ስንቴ አስለቅሶን ነበር። ከዚያ ክምር ፈልጎ ያመጣውን የሳይክሏን አሮጌ የኋላ ቸርኬ ከጆንያው አወጣ። የተበጠሱትን የጎማ ሽቦዎች በወጡበት ቅደም ተከተል በላስቲክ አስሯቸዋል። ጭቃ የሚከላከለው ፓራፋንጎ እንደ ወረቀት ተጨማዷል፤ ጫፉ ላይ የመኪናው ነጭ ቀለም ተላልጦ ቀርቶበታል። ሜትር ስታየው እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ችሎት የቀረብን ቀን የሹፌሩ ጠበቃ ሳቀ። የጥገና ሱቅ ውስጥ ውድቅዳቂ ብረት ሞልቷል፣ ይህ የየትኛው ሳይክል እንደሆነ ማን ያውቃል? ከሳሽ ተሰበረች የምትላት ሳይክል እንደሆነች ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናት አለ። ሰዉም ሳቀ። እኔ ክራንቼን ጨብጬ እግሬን እያየሁ አለቀልህ አልኩት።

ዳኛዋ ለአባዬ ምን ማስረጃ እንዳለው ጠየቁት። ባለሥልጣን ፊት ምላሱ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ወለሉ ላይ ሸራ ላንጥፍ? ብቻ አላቸው። ተፈቀደለት። ተንበረከከ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየፈታ በአሮጌው ቸርኬ ላይ ወደየቀዳዳቸው መለሳቸው። ይቺ መጀመሪያ ተበጠሰች። ይቺ ቀጠለች። ጎኗን ተመትታ ቢሆን ወደ ጎን ይታጠፉ ነበር፣ እነዚህ ግን ወደ ፊት ነው የተገፉት አለ። እማዬ፣ ያ ሰው በሕይወቴ ሙሉ ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ እጆቹን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ የማላስታውሰውን፣ ማንም ያላየውን ያንን ቅጽበት፣ እጆቹ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መልሰው አሳዩን። ፈራሁ ልበልሽ? ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ዳኛዋ በትዕግሥት ሰሙትና፣ አንድ ሳይክል ከኋላ እንደተመታ አይቻለሁ፣ ያቺ ሳይክል ይህቺ ስለመሆኗስ? አሉት።

አባዬ መሬት መሬት አየ። ጆሮው ቀላ። በመጨረሻ አሮጌውን ፓራፋንጎ ገለበጠና፣ ከባዶ የሠራኋት ሳይክል በዕድሜዬ አንዲት ብቻ ናት፣ ለማን እንደሠራኋት ከሥሩ በምስማር ጭሬአለሁ አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቀጥሎ አዲሱን ፓራፋንጎ ከሳይክሏ ላይ ፈትቶ ሰጣቸው። እሱም ሥር ተጭሯል። ያው ቃል፣ ያው እጅ፣ ጭረቱ ብቻ ገና አልዛገም።

አንዱን ሲያዩ ሌላውን ሲያዩ ቆዩ። ይህን አዲሱን መቼ ጻፉት? አሉት። ልጄ ሆስፒታል ሳለች አለ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁትም። የሹፌሩ ጠበቃ ልይ ብሎ ተቀበለ፣ አነበበ፣ ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። አልሳቀም።

ከዚያማ ባለሙያ መርምሮ ቀለሙ ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ፣ ጥፋቱም የሹፌሩ ነው ተብሎ ተፈረደ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ ወር ሞላው። እግሬ ቀጥ ብሏል፤ በአንድ ክራንች ቤት ውስጥ እዞራለሁ። ሜትር አሁን ስለ ኩርባው ከመንገዶች መሥሪያ ቤት ጋር ገጥማለች፤ እነሱን አያድርገኝ።

ምን ተጽፎበታል እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልነግርሽም። ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠሽባት ያላየሽውን እኔ በደብዳቤ ብነግርሽ ነገሩ ይበላሻል። ያልኩትን ግን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የአንቺን ድርሻ አልጠየቅሁልሽም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስለማይታጠፍ ሳይክል መንዳት እንደማልችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ትናንት ለአባዬ ነገርኩት። እሱም የብሎን መፍቻ ቁልፉን አነሳና ኮርቻዋን አራት ጣት ዝቅ አደረጋት። ቀጥ ማለቷን አየ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ በጨርቅ ወለወላት፣ በሩ አጠገብም አቆማት። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ፈጣሪ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። መንገድ ስትሻገሪ ግራና ቀኝ ተመልከች።

ቁመቷን ከአባቷ የወሰደችው
ልጅሽ