ቆሻሻ ተብለው የተነሱት ጠርሙሶች

ለአረንጓዴ ልማትና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ 16/4/2016

ጉዳዩ፦ የችግኝ ማጠጫ ጠርሙሶች በአስቸኳይ እንዲመለሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት የተተከሉት ችግኞች ጥበቃ ነኝ። ተከላው ሁለት ጊዜ ተላልፎ የተካሄደው ዝናቡ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ተካዮቹ ፎቶ ተነስተው ወረዱ፤ ዝናቡም ተከትሏቸው ሄደ።

1. ዳገቱን መኪና ስለማይወጣው ውሃ ከታችኛው ቧንቧ በጀሪካን እሸከማለሁ። ላይ ላዩን ያፈሰሱትን ውሃ ከሥሩ ቀድሞ ፀሐይ ይጠጣዋል። ስለዚህ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከየአዳራሹ ለቃቅሜ፣ ክዳኑን በመርፌ በስቼ፣ መቀመጫውን ቆርጬ፣ በየችግኙ ሥር አፉን ወደ ታች ደፍቼ ቀበርኩ። አንዴ ከተሞላ ሦስት ቀን ይንጠባጠባል። ከ340 ችግኝ በሦስት ወር የሞቱብኝ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው።

2. ባለፈው ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የጽዳት ቡድን ተላከ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጠርሙሶቹ አንድ ሳይቀር ተነቅለዋል። የቡድኑ መሪ ይህን ሁሉ ፕላስቲክ እያየሁ ዝም በማለቴ ተቆጣችኝ። እንግዶቹም አልመጡም።

3. ጠርሙሶቹ በጽሕፈት ቤትዎ መጋዘን በጆንያ ታስረው ተቀምጠዋል። ንብረት ክፍሉ ያለ ደብዳቤ አላወጣም አለኝ። ሲነሱ ቆሻሻ ነበሩ፤ ስጠይቅ ንብረት ሆኑ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ «ነገ ና»ን ደግሞ ችግኝ አይጠጣውም።

ክቡር ሆይ፣ ከሥርዓት ብወጣ ይቅር ይበሉኝ። እነዚህን ችግኞች ከዘር ያፈላቻቸው ባለቤቴ ናት፤ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ነበረች። ዛሬ ከአልጋ አትነሳም። ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ልጆቼ ጠጡ ወይ?» ትለኛለች። ሌላ ልጅ የለንም። ከሐሙስ ወዲህ «ጠጥተዋል» እላታለሁ። በትዳር ዘመኔ ዋሽቻት አላውቅም አልልም፤ ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ቅጠላቸው ከጫፉ መድረቅ ጀምሯል፤ ከእሑድ አያልፉም። የምለምነው አንድ መስመር ደብዳቤ ነው፤ «ጠርሙሶቹ ይውጡለት» የምትል። ተሸክሞ ማውጣቱም፣ መልሶ መቅበሩም የእኔ ነው። እርስዎ ብቻ ውሸቴን እውነት ያድርጉልኝ።

መልስዎን መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የዳገቱ ጥበቃ
(ፊርማ)