አራቱ ቤቶችና በስተኋላ የቀረው ሜዳ

ሰኞ፣ ጥር ፲፰። ከጠዋቱ ፬ ሰዓት።

ምስጢሬን ተቀብለሽ ለማንም የማታወጪ፣ ስሕተቴን አይተሽ የማትታዘቢኝ፣ የእጄ መንቀጥቀጥ ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰ ፊደሌን ቢያጣምመውም ገጽሽን የማትነፍጊኝ፣ ከወዳጆቼ ሁሉ በዕድሜ የምታንሺ በትዕግሥት ግን የምትበልጪ የዕለት ማስታወሻዬ ሆይ፤ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ዛሬም እንደ ልማዴ የኔታ ጥበቡን ከጸሎት መልስ በወንበራቸው አስቀምጬ፣ ጋቢያቸውን ደርቤላቸው፣ ካሜራውን ከፍቼ፣ እሳቸውም ሥላሴ የሚባለውን የቅኔ ዓይነት ፈጽመው ወደ መወድሱ ሊሻገሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የመጀመሪያዋን ቃል ሊያወጡ ሲሉ፣ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ብሎ ቀረጻውን አቋረጠ።

የኔታ በወጣትነቴ ከአምበር አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ ያስተማሩኝ፣ እኔም የመንግሥት መምህር ልሆን ጉባኤያቸውን ትቼ ከሄድኩ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ አሁን ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው በቤቴ ያረፉ መምህሬ ናቸው። ካረፉት መምህሮቻቸው በቃል የተቀበሉት፣ በብራናም በወረቀትም ያልሰፈረ ቅኔ በልባቸው አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዳሁ። የቀረው መወድሱ ነው። በእጄ እንዳልጽፈው እጄን ታውቂዋለሽ። የዛሬ ሳምንት ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ይመለሳሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ዳግመኛ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ድፍረት ነው።

ሌላም ጥበት አለብኝ። በመስከረም ገጾችሽን ለየወሩ እኩል አካፍዬ በቀይ ቀለም አጥሬያለሁና ለጥር የቀረኝ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ በአጭሩ እጽፋለሁ። ይቅር በዪኝ።

ማክ.፣ ጥር ፲፱። ከቀኑ ፲ ሰዓት።

ወ/ሮ ትርንጎ መጣች። የቀድሞ ተማሪዬ፤ አሁን በኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሦስት ልጆች እናት። አየች። መነጽሯን አወለቀች። መልሳ አደረገች። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ። ኮምፒውተሩ ሲገዛ ሃርድ ዲስኩን በአብነት ት/ቤት ሥርዓት ለአራት አስከፈልኩት፦ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። እኩል እኩል። ግማሹን ዲስክ ለሚመጣው ዘመን ብዬ ሳይከፈል በስተኋላ ተውኩት። ያን ጊዜ በጣም ኮርቼ ነበር። አሁን ቅኔ ቤት ሞልቷል። ሌሎቹም ሊሞሉ ነው። በስተኋላ ያለው ሜዳ ግን ባዶ።

አምስተኛ ቤት ሥሪልኝ አልኳት። አይሆንም። የዚህ ዲስክ ማውጫ የድሮ ዓይነት ነው፤ ከአራት ዋና ክፍል በላይ አይመዘግብም። ቅኔ ቤትን ወደ ኋላ አስፊው አልኳት። እሱም አይሆንም፤ መጽሐፍ ቤት ከኋላው ተገትሯል።

«መምህር፣ ይህን ሁሉ መሬት ይዘው መግቢያ አሳጡት እኮ!» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዘግይቼ።

መፍትሔው መጽሐፍ ቤትን ማፍረስ ነው ትላለች። ለዓመታት ያነሣሁት የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አላስበውም። ሸኘኋት።

ረቡዕ፣ ጥር ፳። ከጠዋቱ ፬ ሰዓት።

የኔታ ዝምታዬን አልወደዱትም። ጠየቁኝ። አራቱን ቤት፣ ግድግዳውን፣ ሜዳውን ነገርኳቸው። የታከመውን ዓይናቸውን በመሐረብ ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ።

«አንተ ልጅ! ቅኔን ግድግዳ ሠራህበት? እኔ በግድግዳ ውስጥ አስተምሬህ አውቃለሁ?»

አያውቁም። ጉባኤው መስክ ላይ ነበር። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሩ ጠጋ ይልለታል። በቃ።

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። «አንተ ልጅ» መባል እንዴት ደስ ይላል።

አንድ ሳምንት ይጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ። ብዙ ከዘገዩ ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ደብር ይሄዳሉ። እኔ የሄድኩት እሳቸው አንድም ቀን ሳይዘገዩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር ፳፩። አስተርእዮ ማርያም።

ሥራ የለም። ከቅዳሴ መልስ ትርንጎን በቤ/ክ ደጅ አገኘኋት። አፍርሺው አልኳት። ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ከኮሌጁ ትልቅ ዲስክ በውሰት ታመጣለች፤ ለመጽሐፍ ቤት ጊዜያዊ ማረፊያ። ሰኞ ጠዋት መመለስ አለበት። ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ጋር ፀሐይ ሞቅን። ሰላም ነኝ። አይደለሁም። ነኝ።

ዓርብ፣ ጥር ፳፪። ከቀኑ ፱ ሰዓት።

በጠዋት መጣች። መጽሐፍ ቤት ወደ ውሰቱ ዲስክ ተቀዳ፣ ተመሳከረ፣ ፈረሰ። ስትሰርዘው ፊቴን አዞርኩ። ቦታው ከሜዳው ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሰፊ ክፍል ሆነ። በማውጫው ላይ አሁንም አራት ናቸው። ሕጉ አልተጣሰም።

ብልሃቱ ከዚህ በኋላ ነው። ሰፊውን ክፍል ቤት አላደረገችውም። ኤልቪኤም በሚባል ሥርዓት ጎተራ አደረገችው። ከየክፍሉ የሚገኝ ቦታ ሁሉ ወደ ጎተራው ይገባል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት በሚያስፈልገው መጠን ይሰፈርለታል። ሲጠበው ይጨመርለታል። ከኋላው ማን እንዳለ አይጠየቅም። ቤቶቹም ከአራት ሊበልጡ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። አልገባኝ ብሎ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ቅኔው ከጠባቡ ቤት ወደ ጎተራው ይቀዳ ጀመር። ብዙ ነው። አዘገመ። ቸኮልኩ። የተቀዳውን ከሥር ከሥሩ እየሰረዝሽ ሂጂ፣ ቦታውን ቶሎ እናግኝ አልኳት።

«ቅጂው ሳይመሳከር ዋናው አይፋቅም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ተቆጣሁ። የሰኞው አውቶቡስ አይጠብቀንም አልኳት። አልሰማችኝም። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። የኔታ ከወንበራቸው ምን ሆናችሁ አሉ።

እስካሁን መብራት የለም። ዋናው ስላልተነካ ምንም አልሆነም ትላለች። አምናታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፫። ከቀኑ ፲፩ ሰዓት።

መብራት ጠዋት መጣ። ቅኔው ሁሉ አለ! በመካከል የተቋረጠው አንድ ቀረጻ ብቻ ነው፤ እሱም ከዋናው እንደገና ተቀዳ። እንደ እኔ ቢሆን ኖሮ በየመሐሉ እየተሰረዘ... አልጨርሰውም። ትርንጎን ይቅርታ ጠየቅኋት። እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ይብሉ እንጂ አለችኝ፤ በገዛ ቤቴ።

ኮምፒውተሩ ዋናውንና ቅጂውን ራሱ አመሳከረ። አንድም ልዩነት የለም። እኔ ግን በጆሮዬም ካላመሳከርኩ አላርፍም ብዬ የየቀረጻውን መጀመሪያና መጨረሻ ሰማሁ።

በአንዱ መጨረሻ፣ ትርንጎ ካሜራውን ልታስተካክል በመጣችበት ቀን፣ በር ተንኳኩቶ እወጣለሁ። ካሜራው አልተዘጋም። የኔታ ለትርንጎ ሲነግሯት ይሰማል። ያ ልጅ ጥሎኝ ሲሄድ አልተቀየምኩትም፤ ብቻ ሁለት ክረምት ሙሉ ሌላ ተማሪ በቦታው ሲቀመጥ ጠጋ በል፣ የሰው ቦታ ነው እለው ነበር ይሏታል። ከዚያ የእኔ እግር ኮቴ። ዝም ይላሉ።

ትርንጎን አየኋት። ኪቦርዱን ታያለች። ታውቅ ኖሯል።

አሮጌው ቅኔ ቤት ከምሳ በኋላ ፈረሰ፤ ቦታው ወደ ጎተራው ገባ። አሁን ፊቴን አላዞርኩም።

እሑድ፣ ጥር ፳፬። ከቀኑ ፲ ሰዓት።

ይህ የጥር የመጨረሻ ገጽ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ ማሳጠር አልችልም። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ቁርሳችንን ቀማምሰን፣ ካሜራው ተከፍቶ፣ የኔታም በበትረ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው መወድሱን ከመምህራቸው እንደ ተቀበሉት፣ በየት ላይ እንደሚነሣ በየት ላይ እንደሚያርፍ በቀኝ እጃቸው እያመለከቱ፣ አንዱን ፈጽመው ሌላውን ሲያነሡ፣ አንድም ጊዜ ቦታ የለም የሚል ነገር ሳያቋርጣቸው እስከ ስምንት ሰዓት ዘለቁ፤ እኔም ከፊታቸው ምንጣፍ ላይ እንደ ያኔው ተቀምጬ፣ የጉልበቴን ሕመም ረስቼ፣ በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ያማረውን ሰማሁ።

መወድሱ አለቀ። ነገር ግን የኔታ ውኃ ጠጥተው ሲያበቁ፣ መወድሱ ሌላውን ቅኔ፣ ዕጣነ ሞገሩን፣ ጎትቶ አመጣብኝ፣ ረሳሁት ያልኩት ሁሉ ተመለሰልኝ፣ ገና ብዙ ነው አሉ። ለነገው አውቶቡስ ደግሞ ዕቃቸው ታስሯል።

መጽሐፍ ቤት ከውሰቱ ዲስክ ወደ ጎተራው ተመልሶ ገብቷል። ጎተራው ቢቃጠል እህሉ አብሮ ይቃጠላል ብላ ትርንጎ ስላስጠነቀቀችኝም፣ ቅኔውን ሁሉ ከገበያ በገዛሁት ሌላ ዲስክ ደግመን ቀድተናል። ሥራዋን ስትፈጽም፣ የተረፈውን ባዶ ቦታ ለየትኛው ቤት ስንት ላድርገው ብላ ጠየቀችኝ። ቀዩን እስክርቢቶ አነሣሁ። በወረቀት ላይ አራት እኩል መስመር ላሰምር ስል እጄ ቆመ። እስክርቢቶውን አስቀመጥኩ። ቅኔ ዛሬ የሚበቃውን ያህል ይሰፈርለት፣ የቀረው ለማንም ሳይሰጥ ይቆይ አልኳት። ትርንጎ ከወንበሯ ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ። የኔታ ምን አደረጋችሁ አሉ። ጠጋ አልንለት አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ ምን እንደ ሰማሁ የገባቸው ይመስለኛል።

ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ካሜራውንና አንድ ጋቢ ይዤ በዚያው አውቶቡስ ከየኔታ ጋር ወደ አምበር እሄዳለሁ፤ ዕጣነ ሞገሩ እስኪያልቅ ከተማሪዎቻቸው መካከል፣ በመስኩ ላይ፣ እቀመጣለሁ። በየዕለቱ የምሰማውን እጽፍልሻለሁ፤ ቀይ መስመሩ ግን እዚህ ደርሷል።

ስለዚህ የዕለት ማስታወሻዬ ሆይ፣ ከየካቲት ገጾችሽ ስድስቱን ለጥር ስጪኝ።