የልጅህ ሜሮን

ይድረስ ለወንድሜ ለባዘዘው፤ ካለህበት መተማ ድረስ ሰላምታዬ ያግኝህ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለን። ስልክ ስለጠፋ ይህን በሹፌር ልኬልሃለሁ።

ልጅህን ትናንት ክርስትና አስነሳናት። ሰማንያ ቀኗ ገና ነበር፤ የንስሐ አባታችን ግን መጥተው ሲያዩዋት «መጠበቅ የለብንም፤ ነገውኑ አምጧት» አሉን። ውሃው ሲነካት አላለቀሰችም። ግንባሯንና ደረቷን ሜሮን ቀብተው «ይኸው የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም አገኘች፤ ከእንግዲህ የእሱ ናት» አሉ። ማተቡ አንገቷ ላይ ሰፍቶ ሁለት ጊዜ ቋጠርነው። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ሥላሴ ነው።

«ወንድሜ ሲመጣ ድግሱን እናደርጋለን» ብላት፣ ባለቤትህ የብርጓል «ድግስ አታንሺብኝ» አለችኝ። ሜሮኑ እንዳይለቅ ብላ የልጅቱን ገላ ውሃ አታስነካም፤ ከእቅፏም አታወርዳትም።

ናፋቂህ እህትህ የኔአለም ነኝ፣ ከደብረ ኤልያስ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍ፤ ራስህ ና።